ሳይተኩሱ 60 ሰከንድ

የአጎቴ ልጅ የሠራሁትን የተኩስ ጌም ለሦስተኛ ጊዜ ሞክሮ ሲሞት ጆይስቲኩን አስቀመጠና «ማን እንደገደለኝ እንኳ አላየሁም» አለኝ። ኮዱን እስኪነጋ ፈተሽኩት። የተበላሸ ነገር የለም። በማግስቱ ማታ ጂኦሜትሪ ዋርስ የሚባለውን የድሮ የተኩስ ጌም ከዓመታት በኋላ እንደገና ከፈትኩት።

ይህ ጌም መጀመሪያ ራሱን የቻለ አልነበረም። የሊቨርፑሉ ቢዛር ክሬሽንስ በ2003 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመኪና ውድድር ጌም፣ ፕሮጀክት ጎተም ሬሲንግ 2 ውስጥ፣ በመኪናው ጋራዥ ጥግ የተቀመጠ ትርፍ ጨዋታ ነበር፤ የስቲቨን ኬክብሬድ ሥራ ነው። በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር «ሬትሮ ኢቮልቭድ» ተብሎ ለብቻው ወጣ። በግራ አውራ ጣት መንኮራኩሯን ትነዳለህ፣ በቀኙ የምትተኩስበትን አቅጣጫ ትመርጣለህ፤ ወደ ፊት እየሸሸህ ወደ ኋላ መተኮስ ትችላለህ። ዩጂን ጃርቪስና ላሪ ዴማር በ1982 በሠሩት ሮቦትሮን 2084 የታወቀ አያያዝ ነው።

ዘንድሮ ስጫወተው ዓይኔ ያረፈው ጠላቶቹ ላይ ነው። ሐምራዊው እየተሽከረከረ ዝም ብሎ ይባዝናል። ሰማያዊው ዳይመንድ በቀጥታ ወደ አንተ ይመጣል። ቀዩ ክብ እስክትተኩስበት ተኝቶ ይቆያል፤ ሲነቃ ግን በዙሪያው ያለውን ሁሉ፣ አንተንም ጭምር፣ ወደ ራሱ ይስባል። እኔ ከሁሉም የምወደው አረንጓዴውን ነው። ጥይት ሲመጣበት ገለል ይላል፣ መተኮስ ስታቆም ይጠጋሃል። ስታየው የሚፈራና የሚያስብ ይመስላል። በኮድ ግን ጥቂት መስመር ነው፤ ጥይት ከዚህ ርቀት በታች ከቀረበ ወደ ጎን ግፋው። ብዙ ፕሮግራመሮች ጠላትን ብልህ ለማድረግ ወራት እንፈጃለን። እዚህ ለእያንዳንዱ ጠላት አንድ ቅርጽ፣ አንድ ቀለምና አንድ ጠባይ ተሰጥቶታል፤ ብልህነቱ የሚወለደው ሁሉም ዓይነት አንድ ላይ ሲመጡብህ ነው። ስትሞትም ማን እንደገደለህ ታውቃለህ።

በ1979 አስትሮይድስ የሚባለው ጌም ማሽን በጥቁር ስክሪን ላይ መስመር ብቻ ነበር የሚስለው፤ ሌላ ነገር መሣል አይችልም ነበር። ኤክስቦክስ 360 ግን ሁሉንም ይችል ነበር፤ ኬክብሬድ ይህ አቅም እያለው መስመርን መረጠ። እኔ አራት ወር ሙሉ ጭስ፣ ደመናና የድንጋይ ጥላ ስሥል ከርሜያለሁ። የአጎቴን ልጅ የገደለው ጠላት ያ ጭስ ውስጥ ነበር።

ጂኦሜትሪ ዋርስ ባዶ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ከስር ያለው መረብ ጥይት ባለፈበት ይሞገዳል፣ ቀዩ ክብ ባለበት ይሰረጉዳል። እኔም ነጥቦችን በስፕሪንግ አያይዤ ሠርቼ ሞክሬዋለሁ፤ ለዓይን ደስ ይላል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን አደጋውን ራሱን ሳታይ መረቡ ሲጎብጥ መንገር መቻሉ ነው። ወደ መጨረሻው ብልጭታው ሲበዛ እርሱም ቢሆን ያደናግራል፤ ያኔ ስሞት አሁንም ቅር ይለኛል።

ከሁሉ በላይ ያስቆመኝ «ፓሲፊዝም» የሚባለው ሽልማት ነው። ጨዋታውን ጀምረህ 60 ሰከንድ አንድም ጥይት ሳትተኩስ ከቆየህ ታገኘዋለህ። ሰማያዊዎቹ መንጋ ሆነው ይከተሉሃል፤ አንተ እግሬ አውጪኝ እያልክ ትዞራቸዋለህ፤ ተሰብስበው ሲመጡ ከኋላቸው ሰፊ ቦታ ይከፈታል፣ ወደዚያ ትሾልካለህ። የተኩስ ጌም ከተኩሱ ሲለይ ይህን ያህል መጣፈጡን ሠሪዎቹም አውቀውት ኖሮ፣ በ2008 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ራሱን የቻለ ጨዋታ አድርገውታል።

እኔም በራሴ ጌም ተኩሱን ከኮዱ ዘጋሁና መሸሽ ጀመርኩ። በ11 ሰከንድ ሞትኩ። ደግሜ ሞከርኩ፤ 9 ሰከንድ። ጠላቶቼ ከመንኮራኩሯ አጠገብ ድንገት ነበር የሚፈልቁት፣ ማምለጫ አልነበረም፤ ጥይቱ እስከዛሬ ሸፍኖልኝ ኖሯል። አሁን እያንዳንዱ ጠላት ሲመጣ ለግማሽ ሰከንድ ፈዞ ይታያል፣ በዚያ ጊዜ አይገድልም። ጭሱን አጥፍቻለሁ። ትናንት ማታ 34 ሰከንድ ደርሻለሁ፤ የግራው ጥግ አሁንም ወጥመድ ነው፣ ዛሬ እርሱ ላይ ነኝ።