ባለ አንድ ዳይ ፕሬስ፦ የጠመንጃ ጥይት መልሶ ለመሙላት ጥሩው መሣሪያ የሚለይበት መንገድ

ጥይት በተተኮሰ ጊዜ ከአራቱ ክፍሎቹ ሦስቱ አገልግሎታቸውን ይጨርሳሉ፤ አረሩ በአፈሙዝ ወጥቶ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይቃጠላል፣ በቀለሁ ግርጌ መሀል የምትቀመጠውና በመርፌ ስትመታ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ፕራይመር የተባለችው ትንሽ የብረት ዋንጫም ትከስማለች። ከአራቱ ውድ የሆነው የነሐስ ቀለህ ግን ይተርፋል፤ በአሜሪካ ዒላማ ተኳሾችና አዳኞች ዘንድ የተለመደው ጥይትን በእጅ መልሶ የመሙላት ሙያም የተመሠረተው ይህ ቀለህ ደጋግሞ ማገልገል በመቻሉ ላይ ነው። በዚያ አገር የፌዴራል ሕግ ለራሱ መተኮሻ የሚሞላ ሰው ፈቃድ እንዲያወጣ አይጠየቅም፤ ለሽያጭ የሚሠራ ግን ያለ ፈቃድ መሥራት አይችልም።

ሥራው በተከታታይ እርምጃዎች ይከናወናል። ያገለገለችው ፕራይመር ትወጣለች፤ በተኩሱ ግፊት የሰፋው ቀለህ፣ ውስጡ በጥይቱ ልክ ተቀርጾ በተሠራ ዳይ በሚባል ጠንካራ የብረት ቱቦ ውስጥ ተገፍቶ ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል፤ አዲስ ፕራይመር ይገጠምለታል፣ ባሩድ በሚዛን ተለክቶ ይጨመርበታል፣ በመጨረሻም አረሩ በሌላ ዳይ አማካይነት እስከሚፈለገው ጥልቀት ድረስ በቀለሁ አንገት ውስጥ ይቀመጣል። ፕሬስ የሚባለው ለእነዚህ ሥራዎች ጉልበት የሚሰጠው መጭመቂያ ሲሆን፣ ባለ አንድ ዳይ የተባለው ዓይነት በአንድ ጊዜ አንድ ዳይ ብቻ ይዞ፣ እጀታው አንዴ ወርዶ ሲነሣ በአንድ ቀለህ ላይ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ነው። ብዙ ዳይ በአንድነት ይዘው በእያንዳንዱ የእጀታ ምልልስ አንድ ሙሉ ጥይት የሚያወጡ ፈጣን ፕሬሶች መኖራቸው እርግጥ ነው፤ የሽጉጥ ጥይት በብዛት ለሚሞላም ይጠቅማሉ። ለርቀት ተኩስ በሚሞላ የጠመንጃ ጥይት ግን ዝግተኛው ይመረጣል፤ እያንዳንዱ ቀለህ በየእርምጃው በእጅና በዓይን ስለሚመረመር፣ ስህተቱም ወደሚቀጥለው እርምጃ ሳይሻገር ስለሚያዝ ነው።

ይህ ሁሉ በቀላል ፕሬስ ሊሠራ የቻለው በአንድ የእንግሊዝ መኮንን ፈጠራ ምክንያት ነው። ኤድዋርድ ቦክሰር እ.ኤ.አ. በ1866 ገደማ ለስናይደር ጠመንጃ በነደፈው ጥይት ላይ የፕራይመሯ መቀመጫ አንድ ቀዳዳ ብቻ፣ ያውም በትክክል መሀሉ ላይ ስለነበረው፣ ከላይ በቀለሁ አፍ የገባ ቀጭን መርፌ ያገለገለችውን ፕራይመር በአንድ ግፊት ሊያወጣት ይችላል። የአሜሪካዊው የሃይራም በርዳን ስልት ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎችን ከመሀል ፈንጠር አድርጎ ስለሚያስቀምጥ ለዚህ መርፌ አይመችም። የታሪኩ ምፀት የእንግሊዛዊው ስልት በአሜሪካ፣ የአሜሪካዊው ደግሞ በአውሮፓ መለመዱ ነው። ያ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ይዞት የመጣው፣ ኢትዮጵያውያንም ሰናድር ብለው የሚያውቁት ጠመንጃ ነው።

ስለ ፕሬስ ጥራት ሲነገር አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚያነሣው ክብደትን ነው፤ ከባድ ብረት ጥሩ ብረት ይመስላል። ይህ አስተያየት ጨርሶ ሐሰት ባይሆንም ያሳስታል። ፕሬሱ የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ ቀለሁን ከዳዩ ቀዳዳ ጋር በአንድ ቀጥታ መስመር ማገናኘት፣ እንዲሁም እጀታው በወረደ ቁጥር ቀለሁን ወደዚያው ከፍታ አድርሶ ማቆም። ክብደት ለሁለተኛው በተወሰነ ደረጃ ይረዳል፤ ለመጀመሪያው ግን የሚረዳው የቶርኖ ሠራተኛው ጥንቃቄ እንጂ የብረቱ ብዛት አይደለም። የቀለሙ አንጸባራቂነትና የእጀታው ጌጥ ከሁለቱም ጋር ምንም ግንኙነት የላቸውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ለምን እንዲህ እንደሚከብድ ለመረዳት የጠመንጃ ቀለህ ቅርጽ ሊታወቅ ይገባል። እንደ .308 ዊንቸስተር ወይም .30-06 ያለ ጥይት ከሰፊው አካሉ ወደ ጠባቡ አንገቱ የሚወርድበት ትከሻ የሚባል ተዳፋት አለው፤ ጥይቱ በጠመንጃው መጉረሻ ክፍል ውስጥ የሚቆመው በዚህ ትከሻ ተደግፎ ነው። ቀለሁ ሲስተካከል ትከሻው ወደ ኋላ የሚገፋው ከአንድ እስከ ሁለት ሺኛ ኢንች፣ ማለትም ከ0.025 እስከ 0.05 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ እንዲሆን ይፈለጋል። ከዚያ ያነሰ እንደሆነ ጥይቱ አልጎርስ ሊል ይችላል፤ የበዛ እንደሆነ ደግሞ ቀለሁ በእያንዳንዱ ተኩስ እየተለጠጠ ከግርጌው አካባቢ ይሳሳል፣ ውሎ አድሮም ሊበጠስ ይችላል። ፕሬስ እንግዲህ የሚፈተነው በትልቅ ጉልበት ተጭኖ ሳለ ከሰው ጸጉር ውፍረት ያነሰ ልዩነት በመጠበቁ ነው።

የፕሬሱን ዋና አካል ወይም ፍሬም በሚመለከት ሦስት ቅርጾች ይታወቃሉ። አንደኛው ከፊት ለፊት ክፍት የሆነው ሲሆን ለእጅ ይመቻል፤ ነገር ግን ከባድ ጭነት ሲመጣበት አፉ በጥቂቱ ይከፈትና ዳዩ ከመስመሩ ያዘነብላል። ሁለተኛው ዙሪያውን የተዘጋው ነው፤ ጭነቱን በሁለት ጎን ስለሚካፈል የሚለጠጠው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ነው፣ ይህም ከማዘንበል እጅግ ይሻላል። ሦስተኛው ቀለሁን የያዘው ክፍል በሁለት ምሰሶዎች ላይ እየተንሸራተተ የሚወጣበት ነው። ለጠመንጃ ጥይት የሚገዛ ሰው የመጀመሪያውን ዓይነት ለቀላል ሥራ ብቻ ቢያስበው መልካም ነው። መካኒኮች ጊዛ የሚሉት ቀልጦ የተቀዳ ብረት ለፍሬም የሚመረጠው ከአሉሚኒየም ይልቅ ለጫና ስለማይበገርና ራም የተባለው፣ ቀለሁን ተሸክሞ የሚወጣውና የሚወርደው ወፍራም ዘንግ የሚያልፍበት ማለፊያ በቀላሉ ስለማይበላ ነው፤ በሚገባ ወፍሮ የተሠራ አሉሚኒየም ግን ሳስቶ ከተቀዳ ጊዛ ሊበልጥ ስለሚችል የብረቱን ስም ብቻ ሰምቶ መፍረድ አይገባም።

ፍሬሙ ምን ያህል እንደሚለጠጥ ያለ ምንም ውድ መለኪያ ማየት ይቻላል፤ ፕሬስ መምረጥን የሚያውቅ ሰው ከሌላው የሚለየውም በዚህ ምርመራ ነው። ባዶውን ራም እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ዳዩን የቀለህ መያዣውን እስኪነካ ድረስ በማጥበቅ በሁለቱ መካከል ብርሃን እንዳያልፍ ይደረጋል። ቀጥሎ በዘይት የታሸ፣ የተተኮሰ ቀለህ ይገባና እጀታው እስከ መጨረሻው ይወርዳል፤ በዚያ ቅጽበት በዳዩና በመያዣው መካከል ብርሃን ከታየ ፍሬሙና መገጣጠሚያዎቹ በጭነቱ ተለጥጠዋል ማለት ነው። ትንሽ ክፍተት በማንኛውም ፕሬስ ላይ ይታያል፤ ዳዩን በጥቂቱ ዝቅ በማድረግም ይካካሳል። ሊያሳስብ የሚገባው ክፍተቱ ከቀለህ ወደ ቀለህ የሚለዋወጥ ሲሆን ነው፤ የማይለዋወጥ ጉድለት ይስተካከላል፣ የሚለዋወጥ ጉድለት ግን ዳዩን ያለማቋረጥ ያስነካካል።

የመስመሩ ትክክለኛነትም በወረቀት ቁራጭ ሊመረመር ይችላል። ዳዩ መያዣውን ለመንካት ጥቂት ሲቀረው ቀጭን ወረቀት በየአቅጣጫው ይገባል፤ በአንዱ በኩል ተይዞ በሌላው በኩል በነጻ ከተንሸራተተ ሁለቱ ገጾች አይመጣጠኑም። እዚህ ላይ ፕሬሱን ለመኮነን መቸኮል አያስፈልግም፤ ዳዩ ግማሽ ዙር ተዞሮ ሲሞከር የጠበበው ጎን አብሮት ከዞረ ጥፋቱ የዳዩ ነው፣ በቦታው ከቀረ ደግሞ የመያዣው ወይም የፕሬሱ ነው።

ራሙ በማለፊያው ውስጥ ሊኖረው ስለሚገባው ጥብቀት ባለሙያዎች አይስማሙም። ብዙዎች ምንም ልቅነት እንዳይኖር ይሻሉ፤ ራሙን በጣት ወደ ጎን እየገፉም ይፈትኑታል፣ በእርግጥም ከላይኛው ጫፍ ላይ በግልጽ የሚወላገድ ራም የድካም ምልክት ነው። በኢሊኖይ ግዛት በላናርክ የሚገኘው የፎርስተር ኩባንያ የሚሠራው ኮ-አክስ የተባለው ፕሬስ ግን በተቃራኒ ሐሳብ የተነደፈ ነው፤ ዳዩ በጥርስ ሳይጠብቅ በማቀፊያ ቀለበቱ ወደ መሰኪያው ይገባና በጥቂቱ እንዲንቀሳቀስ ይተዋል፣ ቀለሁንም ጥንድ መንጋጋዎች ይይዙታል፤ ሁለቱ ሲገናኙ እርስ በርሳቸው መሀላቸውን ይፈላለጋሉ። ይህ ፕሬስ በተጠቃሚዎቹ ዘንድ ያገኘው ክብር እንደሚያሳየው ጥብቀት በራሱ ግብ አይደለም፤ ግቡ ቀለሁ ሳይጣመም ወደ ዳዩ መግባቱ ነው።

የእጀታው ጉልበት ወደ ራሙ የሚተላለፈው በፒን በተያያዙ ክንዶች ነው። እጀታው ሊጨርስ ሲል ክንዶቹ ወደ አንድ ቀጥታ መስመር ስለሚጠጉ የሰው እጅ ትንሽ ግፊት እጅግ ይባዛል፤ ቀለሁ ሙሉ በሙሉ ወደ ዳዩ የሚገባበትና ከፍተኛውን ጉልበት የሚጠይቀው ቅጽበትም ይኸው ስለሆነ ስልቱ በጥሩ ሁኔታ የታሰበ ነው። ገዥው እጀታውን ቀስ ብሎ ሲያወርድ የሚፈልገው ስሜት ያለ መንቀጥቀጥ የሚቀጥልና በመጨረሻ በግልጽ የሚቆም ጉዞ ነው፤ መቆሚያው የማይታወቅና በእጅ ግፊት መጠን የሚለያይ ከሆነ ትከሻውም በዚያው መጠን ይለያያል። የፒኖቹ ውፍረትና ዘይት የሚጠጡበት መንገድ ከቀለሙ ይልቅ ስለ ሠሪው ብዙ ይናገራሉ።

ይህን ሁሉ ያለፈ ፕሬስ ሠርቶ ሲታይ አሥር ያህል ቀለሆች፣ ከአንድ ፋብሪካ የወጡና እኩል ጊዜ የተተኮሱ፣ ተስተካክለው ከግርጌ እስከ ትከሻ በካሊፐርና በልዩ መግጠሚያው ይለካሉ፤ ልዩነታቸው በአንድ ሺኛ ኢንች ውስጥ ከሆነ ፕሬሱ ነቀፌታ የለበትም። ልዩነቱ የሰፋ እንደሆነ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት የዘይቱ አለመመጣጠንና ተደጋግሞ በመተኮስ የጠነከረው ነሐስ ነው። አረሩ ከቀለሁ ጋር በአንድ መስመር አለመቀመጡም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከፕሬሱ ሳይሆን፣ ቀለሁ ከዳዩ ሲመለስ አንገቱን ከውስጥ እየጎተተ ከሚያሰፋው ጉልላት ወይም አንገቱ ራሱ በአንድ ወገን ወፍሮ በሌላው ከመሳሳቱ ነው። በማሳረፊያ ላይ ተቀምጠው የሚወዳደሩ ተኳሾች፣ ከሁሉ ይልቅ ለትክክለኛነት የሚጨነቁት ሰዎች፣ አረር የሚያስቀምጡት ብዙ ጊዜ በእጅ በሚያዝ ዳይና በቀላል ትንሽ መጭመቂያ ነው፤ ይህም የክብደትን አምልኮ ለማፍረስ ይበቃል።

ከሠሪዎቹ መካከል ፍሬድ ሀንቲንግተን እ.ኤ.አ. በ1943 በካሊፎርኒያ ኦሮቪል የመሠረተው አርሲቢኤስ በሮክ ቸከር ፕሬሱ ለብዙዎች መለኪያ ሆኗል። በኒውዮርክ ግዛት በኮርትላንድ የሚገኘው ሬዲንግ በቶርኖ ሥራው ጥራት ይመሰገናል፤ በዊስኮንሲን ሃርትፎርድ ያለው ሊ ደግሞ በክላሲክ ካስት ፕሬሱ አነስተኛ ዋጋ የግድ ደካማ ብረት ማለት እንዳልሆነ አሳይቷል። የነብራስካው ሆርናዲ ዳዮችን በከፊል ዙር ብቻ የሚያስገባና የሚያስወጣ መሰኪያ በማቅረቡ ዳይ ቶሎ ቶሎ ለሚቀያይር ሰው ይስማማል። ኮ-አክስን ጨምሮ ሁሉም የሚቀበሉት የተለመደውን ዳይ ነው፤ ይህም ውፍረቱ 7/8 ኢንች (22.2 ሚሊ ሜትር ያህል) የሆነና በአንድ ኢንች ርዝመት 14 ጥርስ የተቆረጠለት ነው። ያረጀ ፕሬስ የሚገዛ ሰው ይህን ጥርስ ሳያረጋግጥ ገንዘብ መክፈል የለበትም፤ ጥርሱ ልኩን ከጠበቀና ራሙ ካልተወላገደ ግን የሃምሳ ዓመት ጊዛ ከአዲሱ የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ብዙ ገዥዎች ሳያዩት የሚያልፉት አንድ ነገር ያገለገሉት ፕራይመሮች የሚወድቁበት መንገድ ነው። ፕራይመር በተለምዶ እርሳስ ያለበት ኬሚካል ስለሚይዝ ትቢያው ለጤና ጎጂ ነው፤ በራሙ ሆድ ውስጥ አልፈው በቱቦ ወደ ዕቃ የሚወርዱበት ንድፍ በራሙ ጎን ከሚፈናጠሩበት እጅግ ይበልጣል፤ ትቢያው በራሙና በማለፊያው መካከል ገብቶ ብረቱን ከመብላትም ይድናል። ከሥራ በኋላ እጅ መታጠብ ግን በየትኛውም ንድፍ አይቀርም።

ከ.223 ሬሚንግተን እስከ .30-06 ባለው መጠን ለሚሞላ ሰው ዙሪያው የተዘጋ፣ የተለመደውን ዳይ የሚቀበልና ያገለገሉ ፕራይመሮችን በራሙ ውስጥ የሚያወርድ መካከለኛ የጊዛ ፕሬስ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ለክብደት የሚወጣው ገንዘብ ለጥሩ ዳይ፣ ለታመነ ሚዛንና ለታተመ የባሩድ መጠን መመሪያ መጽሐፍ ቢውል ውጤቱ በዒላማው ላይ ይታያል። ገዥው ፕሬሱን ወፍራም ጠረጴዛ ላይ ከታች ሰፊ የብረት ሮንዴላ አድርጎ በቡሎንና በዳዶ ያጥብቀው፤ በሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ፕሬስ ጥሩም ሆነ መጥፎ መሆኑን ማወቅ አይቻልም።