ቀይ ክብ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም

ከጫሞ ሐይቅ ዳር ጭቃ ወይም ከጋሞ ደጋ የእንሰት ማሳ አፈር ባክቴሪያ ለይተን ለሉኪሚያ የሚረዳውን አስፓራጂኔዝ አገኘን የምንል ተማሪዎች አንድ ልማድ አለን፤ ይኸውም ፌኖል ሬድ ባለበት ሳሕን ላይ ቀይ ክብ ሲታይ ሥራው ያለቀ መስሎ ይሰማናል። እኔም ክቡን ያየሁ ዕለት እልል ልል ጥቂት ቀርቶኝ ነበር።

ነገር ግን ፌኖል ሬድ የሚመሰክረው ስለ አልካሊነት እንጂ ስለ ኤንዛይሙ አይደለም። የጫሞም ውሃ በተፈጥሮው አልካሊ ስለ ሆነ፣ ሳሕኑን እንደ ሐይቁ ያዘጋጀ ተማሪ ቀለሙን ገና ከመጀመሪያው ቀይ ሆኖ ያገኘዋል። በአስፓራጂን ፈንታ ናይትሬት ያለበት ማነጻጸሪያ ሳሕን ካልቀረበ ማስረጃው ጎደሎ ነው።

ከዚህ የሚብስ ሌላ አለ። ኪድ የጊኒ ፒግ ሴረም የአይጥን ሊምፎማ እንደሚያጠፋ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1953 አሳየ፤ ብሩም ምክንያቱ አስፓራጂኔዝ መሆኑን በ1961 ገለጸ፤ ማሽበርንና ሪስተን በ1964 የኢ. ኮላይን ኤንዛይም አቀረቡ። ኢ. ኮላይ ግን ሁለት ዓይነት አስፓራጂኔዝ አለው፤ ዕጢውን የሚቃወመውም ሁለተኛው ብቻ ነው። በደማችን ፕላዝማ ያለው አስፓራጂን 50 ማይክሮሞላር ያህል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዓይነት በሚሊሞላር ካልቀረበለት እምብዛም አይሠራም። የእርሾው አስፓራጂኔዝ ደግሞ ከደም ፈጥኖ ስለሚጠፋ ዕጢውን ሳይነካ ቀረ። እኛ ይህን ሁሉ ሳንለካ በመደምደሚያችን «ለሕፃናት ሉኪሚያ ተስፋ ሰጪ» ብለን እንጽፋለን፤ የታመመ ልጅ ያለው ወላጅም ሊያነበው ይችላል።

እንግዲህ መምህራኖቻችን የሚቀጥለውን ጽሑፍ ሲቀበሉ የኬ ኤም ልኬቱን፣ ግሉታሚንን ምን ያህል እንደሚነካና በ37 ዲግሪ ሴረም ውስጥ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አስቀድመው ይጠይቁ። የክቡ ፎቶግራፍ ከዚያ በኋላ ይታተም።