ሂሳቡን ማን ይክፈል? ስለ አባወራ ወግ

አንድ የወግ ዓይነት አለ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ተራኪው ከአርባ ያለፈ፣ ከሃምሳ ያልደረሰ (ወይም ደርሶ ያላመነ) ባለትዳር ነው። ሚስት አለችው፣ ልጆች አሉት፣ ቦርጭ አለው። ደመወዙ ወሩ ሳይጋመስ ያልቅበታል። ሪሞቱን ልጆቹ ወስደውበታል፤ የአልጋውን ግማሽ ትንሿ ልጁ ይዛበታለች፤ ሶፋው ላይ የቀረችውን ቦታ ደግሞ አማቱ «ለሁለት ሳምንት» ብለው መጥተው ይኸው ሦስተኛ ወራቸውን ይዘዋታል። ጋዜጣ ላይ አንብበነዋል፤ ሬዲዮ ላይ ሰምተነዋል፤ አሁን ደግሞ ስልካችን ላይ ጠዋት ጠዋት ይደርሰናል። እንስቃለን፣ ለጓደኛ እንልካለን፣ በቃ እንረሳዋለን።

የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ይህ ወግ ሲነሳባቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ። ልብ ወለድ ሲሆን ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል እንከራከራለን፤ ግጥም ሲሆን ስለ ምጣኔውና ስለ ቤት አመታቱ እንጨቃጨቃለን። የአባወራ ወግ ሲሆን ግን «አሳቀኝ» ወይም «አላሳቀኝም» ብለን ፋይሉን እንዘጋዋለን። እኔ በዚህ አልስማማም። እንደኔ እንደኔ ይህ ወግ የራሱ የሆነ ከባድ ሥራ አለው፤ ሥራውን የሠራውንና ያልሠራውን መለየትም ይቻላል። መለኪያዬን ከወዲሁ ልናገር፦ የሳቁን ሂሳብ የሚከፍለው ማን ነው?

ካፌ ውስጥ «ዛሬ የኔ ነው!»፣ «በፍጹም፣ አይሆንም!» እየተባባልን እጅ ለእጅ ስንያያዝ ላየን ሰው የኛ አገር ወንድ ሂሳብ የሚሸሽ አይመስልም። ወግ መጻፍ ስንጀምር ግን ብዙዎቻችን ኪሳችንን እየዳበስን ወደ ሚስታችን እናያለን።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። በአማርኛ ወግ ራሱን የቻለ የጽሑፍ ዘርፍ ሆኖ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው መስፍን ሀብተማርያም ነው። የመጽሐፉ ርዕስ «የቡና ቤት ሥዕሎችና ሌሎችም ወጎች» ይላል፤ ርዕሱ አድራሻውን ጭምር ይነግረናል። ታዛቢው ያለው ቡና ቤት ነው። ጥግ ይዞ ተቀምጦ የሚገባና የሚወጣውን ያያል። ኤፍሬም እንዳለም በ«አዲስ አድማስ» ላይ በ«እንጨዋወት» ዓምዱ የከተማውን ጠባይ ሲያጫውተን ኖሯል። በእውቀቱ ስዩም በ2008 ዓ.ም ባወጣው «ከአሜን ባሻገር» ከራሱ ገጠመኝ እየተነሳ ወደ ታሪክና ወደ እምነት ጥያቄ ይሻገራል። ራስ ሆቴል ይዘጋጅ በነበረው የግጥም በጃዝ መድረክ ደግሞ ወግ ከገጽ ወጥቶ በጆሮ የሚሰማ ሆነ። የጸሐፊዎቹ መንገድ ይለያያል፤ የወጉ ዋና መንደር ግን ብዙ ጊዜ ደጅ ነው፦ መንገዱ፣ ታክሲው፣ ቡና ቤቱ፣ ቢሮው።

የመድረክ ኮሜዲያችንም ቢሆን ወደ ጓዳ ብዙም አልዘለቀም። የመንግሥቱ ለማን «ያላቻ ጋብቻ» እና «ጠልፎ በኪሴ» አስቡ። ሁለቱም ማን ማንን ያግባ፣ እንዴትስ ያግባ የሚል ጥያቄ ይዘው የተነሱ ናቸው። ከተጋቡ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ሰኞ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ ሽሮ ሲቀርብ ምን ይባባላሉ? ይህን ለመጠየቅ ሌላ ዓይነት ጽሑፍ ያስፈልግ ነበር።

በእንግሊዝኛውም ቢሆን የግል ድርሰት ሲነሳ ስሙ ከማይቀረው ከቻርለስ ላም ሥራዎች አንዱ ስለ ባለትዳሮች ጠባይ የሚያማርር ነው። ድርሰቱ እ.ኤ.አ. በ1823 መጽሐፍ ሆነው ከታተሙት ውስጥ ይገኛል። ላም ግን ዕድሜውን ሙሉ አላገባም፤ የኖረው ከእህቱ ጋር ነበር። ከውጭ ሆኖ በትዳር መሳቅ ቀላል ነው። ከውስጥ ሆኖ መሳቅ ነው ችግሩ፤ ስቀህ ስታበቃ የምትገባው እዚያው ቤት ነዋ!

እኛ ጋ ደግሞ ገመና የሚባል ነገር አለ። የቤት ነገር በቤት ይቀራል። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮት ተዘግቶ የሚጣላ ሕዝብ ነን። ስለዚህ አባወራው ብዕር ሲያነሳ ከባድ አጣብቂኝ ውስጥ ይገባል፤ ቤቱን ካልከፈተው ወግ የለም፣ ከከፈተው ደግሞ ገመና ወጣ። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች ከዚህ የሚያመልጡበትን ዘዴ አግኝተዋል። በሩን ይከፍቱና ሚስትየዋን ብቻ አሳይተው መልሰው ይዘጉታል።

ለዚህ የገበያው ወግ ጥሩ ማሳያ ነው። በስንት ዓይነት እንዳነበብኩት አልቆጥረውም። ሚስት ሽንኩርት ግዛ ብላ ትልካለች፤ ባል የበሰበሰውን ገዝቶ ይመለሳል፤ ሚስት ትጮሃለች፤ ባል «ትዳር እንግዲህ ይህ ነው» ብሎ ይተነፍሳል። በዚህ ወግ ውስጥ ሚስትየዋ ሁለት ሥራ ብቻ ነው ያላት፤ ማዘዝና መቆጣት። ስም የላትም። ስትስቅ አናያትም። የደከማት ቀን የለም። እሱ ደግሞ ሽንኩርት መምረጥ አለማወቁ እንደ ጸጋ ተቆጥሮለታል።

አንድ ቀን እንዲህ ያለውን ወግ እቤት ጮክ ብዬ ሳነብ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጄ ጠየቀችኝ፤ «አባቢ፣ ሰውዬው ግን ካገባ ስንት ዓመቱ ነው?» አሥራ ስምንት ይላል አልኳት። «እና እስካሁን ሽንኩርት መምረጥ ለምን አልተማረም?» አለች። ስለዚህ ወግ ከዚህ የተሻለ ሂስ አልሰማሁም። ጸሐፊው ሊጽፈው የሚገባው ቀልድ ያመለጠው እዚች ላይ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ወጡን እየበላ ቁሌቱ ከምን እንደሚጀምር የማያውቅ ሰው እውነትም ያስቃል። ግን የሚያስቀው እሱ ነው፣ እሷ አይደለችም። ጸሐፊው ሂሳቡን ወደሷ አሳለፈው።

ቋንቋችን ለጥሩ አባወራ ወግ ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ተቀምጧል። «ባለቤቴ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በየቀኑ እንለዋለን፤ ቆም ብሎ ላየው ግን ቃሉ የቤቱ ጌታ እሷ ናት ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ሰው እንግዲህ ሁለት ባለቤት አለው፤ አንዷን አግብቷታል፣ ለሌላው ወር በገባ ቁጥር ይከፍላል። ሁለቱም ሳያስፈቅድ ግድግዳው ላይ ሚስማር እንዲመታ አይፈልጉም። አንዱ ጸሐፊ ይህን ቀልድ «ሴቶች ጨቅጫቃ ናቸው» ወደሚለው የተለመደ መንገድ ሊነዳው ይችላል። ሌላው ደግሞ በአርባ አምስት ዓመቱ የሠርጉን ፎቶ ለመስቀል አከራይ ደጅ የሚጠና ሰው ምን እንደሚሰማው ያሳየናል። ቀልዱ አንድ ነው፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ ቁስሉን ሸፈነበት፣ ሁለተኛው ቁስሉን ገለጠበት።

ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ጎልማሳ መሆናችንን መስታወት ቢደብቀን እንኳ የታክሲ ረዳት አይደብቀንም። ትናንት «ጀለስ፣ ጠጋ በል» ይል የነበረው አንድ ጠዋት «ፋዘር፣ ትንሽ ይጠጉልን» ይላል። እንዴ! ዞር ብለህ ከኋላህ ሽማግሌ ትፈልጋለህ፤ የለም። ካፌ ስትገባ አስተናጋጇ «ምን ልታዘዝ ጋሼ?» ትላለች። ከ«ጋሼ» ቀጥሎ «አባባ» አለ፤ ከ«አባባ» ቀጥሎ ያለውን አናንሳው። ክብር ሲሰጠው ሰው የሚከፋበት ዕድሜ ይህ ነው።

የበለጠ የሚገርመው ደግሞ እቤት ሲገባ ነው። በኔ ዕድሜ ካለነው ብዙዎቻችን አባታችንን «አንቱ» ብለን ነው ያደግነው። ልጆቻችን ደግሞ እኛን «አንተ» ይሉናል፤ ያውም እኛው ወደን፣ «ቅርበት ይኑረን» ብለን ያስለመድነው ነው። ስለዚህ ጎልማሳው አባወራ ባልፈለገው ቦታ፣ ታክሲ ውስጥ፣ አንቱታ ይዘንብበታል፤ አንዳንዴ በሚያምረው ቦታ፣ ራት ላይ፣ «አንተ አባቢ፣ ስልክህን ቻርጅ ላይ አድርግልኝ» ይባላል። ለአባቱ የሰጠውን ከልጁ አልተቀበለም። ቅር ብሎታል? ደስ ብሎታል? ሁለቱም ነው። ይህን «ሁለቱም» የምትለውን ነገር ያለ ስብከትና ያለ እሮሮ ሊይዝ የሚችል ጽሑፍ ፈልጉ ብትሉኝ፣ ከወግ የተሻለ አላውቅም።

ወደ ዋናው ልምጣ፤ ገንዘብ። የአባወራ ወግ ስለ ጤፍና ስለ ዘይት ዋጋ ሲቀልድ «የኑሮ ውድነት ቀልድ» ብለን እናልፈዋለን። ግን ልብ በሉ፤ እኛ አገር አንድ አባት «አልቻልኩም» የሚልበት ቦታ የት ነው? ሥራ ቦታ አይልም። ዕድር ላይ አይልም። ወንድሞቹ ፊት አይልም። ሚስቱ ታውቃለች፤ እሱ ግን ለሷም አፉን ሞልቶ አይናገርም። ወንድ ልጅ ቻል ያድርገው ተብሎ ነው ያደገው። ወግ ላይ፣ በቀልድ ሽፋን፣ ሊለው ይችላል።

እንዲህ ያለ ወግ እንበል። ሥጋ ሲወደድ አባትየው በአንድ ሳምንት ውስጥ የጤና ባለሙያ ይሆናል። ማዕድ ላይ ስለ ኮሌስትሮል ያስተምራል፤ ጎመን ያወድሳል፤ አያቶቻችን ረጅም ዕድሜ የኖሩት በምን እንደሆነ ያብራራል። ትንሹ ልጅ አዳምጦ አዳምጦ ሲያበቃ ይጠይቃል፤ «አባ፣ ሥጋ ለጤና ጥሩ ያልሆነው ከመቼ ጀምሮ ነው?» እናትየው ቶሎ ብላ ለልጁ ጎመን ትጨምርለታለች።

እዚህ ጋ ሂሳቡን የከፈለው አባትየው ነው። ሚስትየዋም ዝም ብላ ጎመን ስትጨምር ሙሉ ሰው ሆናለች፤ ልጁን መለሰችለት፣ ባሏን ሸፈነችለት፣ ሁሉንም እንደምታውቅ ደግሞ ነገረችን። እንስቃለን፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን የሆነ ነገር ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ወጉ ሥራውን ሠራ የምለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ይህንኑ ወግ ማበላሸት ደግሞ በጣም ቀላል ነው። አንድ አንቀጽ መጨመር ይበቃል። «ውድ አንባብያን ሆይ፣ በኑሮ መተሳሰብ መልካም ነው…» ስታስገቡበት አለቀለት። ወግ ጸሐፊዎቻችን ይህ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ምክር ለምን እንደሚያጓጓቸው ይገባኛል። ሰውዬው ቤቱን ከፍቶ ራቁቱን ታይቷል፤ ሳይወጣ በፊት ካባ መደረብ ያምረዋል። ምክሩ ካባው ነው። ተሸናፊ ሆኖ የጀመረው አባወራ በመጨረሻዋ መስመር ሽማግሌ ሆኖ ይወጣል። አንባቢ ግን የመጣው የተሸነፈውን ሰው ሊያይ ነው፤ መካሪማ የት ይጠፋል?

ሌላም የማልታገሰው ነገር አለ፤ የልጆች ነገር። ድሮ ጋዜጣ ላይ የወጣ ወግ በሳምንቱ የስኳር መጠቅለያ ይሆን ነበር። ስልክ ግን አይረሳም። አልጋ ላይ ስለሸናው የስድስት ዓመት ልጅ የተጻፈው ወግ፣ ልጁ አሥራ ስድስት ሲሞላው ክፍል ውስጥ ሊነበብበት ይችላል። አባትየው ለአንድ ጠዋት ሳቅ ብሎ የልጁን የአሥር ዓመት ሂሳብ ፈረመ። «አስቂኝ ነው እኮ» የሚለው መልስ አይበቃም። ስለ ልጅ የሚጻፍ ጥሩ ወግ ልጁ አባቱን ሲያሸንፍ ነው የሚያሳየን፤ ከላይ እንዳለው የሥጋ ጠያቂ። እንደዚያ የተጻፈ ከሆነ ልጁ አድጎ ሲያነበው አንገቱን አይደፋም።

አንዳንዱ «ቀልድን እንዲህ ካፍታታኸው ይሞታል» ይለኛል። ላይሞትም ይችላል። ከልቡ አስቂኝ የሆነ ወግ ሁለተኛ ቢነበብም ያስቃል፤ የሚሞተው መጀመሪያውኑ በሰው ኪስ የሳቀው ነው። «ሚስቶችም በባሎቻቸው ይሳቁ፣ ማን ከለከላቸው?» የሚልም አለ። ይሳቁ እንጂ! ቡና ላይ ሲስቁብን መኖራቸውን ማን ያጣዋል? እማወራዋ የሽንኩርቱን ወግ ብትጽፈው ኖሮ ያ ሰውዬ ከሁለተኛው አንቀጽ አያልፍም ነበር። ለዚህም ነው እማወራዎቹ በብዛት የሚጽፉበትን ቀን በጉጉትም በፍርሃትም የምጠብቀው።

እስከዚያው ድረስ የአባወራ ወግ ስታነቡ ለብቻችሁ አታንብቡት። ሁሉም ባለበት፣ ራት ላይ፣ ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ከዚያ ማን እንደሳቀ ሳይሆን ማን ዝም እንዳለ ተመልከቱ። ሂሳቡ የተጻፈው በዚያ ሰው ስም ነው።