ጥያቄና አቤቱታ፤ በምክር ቤት ስለ መጠያየቅ የቀረበ ሒስ

ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቀርበው የአባላቱን ጥያቄ በሚመልሱበት ቀን፣ በሽሮ ሜዳ በአንድ የሸማኔ ቤት ተቀምጠን ሬዲዮ እናዳምጥ ነበር። ሽሮ ሜዳ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ከእንጦጦ ግርጌ የሚገኝ፣ በሽመና የታወቀ ሰፈር ነው። በመጀመሪያ አባላቱ ተራ በተራ እየተነሡ ጥያቄያቸውን ደረደሩ። ቀጥሎ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሁሉንም በአንድነት ይመልሱ ጀመር። መልሱ ረዘመ፤ ቀትርም ሆነ። የቤቱ ባለቤት የሆኑት አዛውንት እጃቸውን ከሥራ ሳያነሡ፣ «ልጆቼ፣ የቱ መልስ ለየቱ ጥያቄ ነው?» አሉን። እኛ የተማርን ነን የምንለው ለመመለስ ተቸገርን።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከእኚህ አዛውንት ጥያቄ ነው። ዓላማችን አንዱን ወገን ለማመስገን ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም። በሕግ የተሰጠው የመጠየቅ ሥልጣን በሥራ ላይ ሲውል ምን ዓይነት መልክ እንደያዘ ለመመርመር ነው። እንደ እኛ አስተያየት፣ በምክር ቤቱ ጥያቄ ተብሎ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ አቤቱታ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውም ልዩነት ቀላል አይደለም። አቤት ባይ ቃሉን አሰምቶ ይቀመጣል፤ ምላሹም በሰሚው ፈቃድ ላይ ያድራል። ጠያቂ ግን መልሱን ከሰማ በኋላ እንደገና ለመናገር መብት ያለው ሰው ነው።

አስቀድመን ወደ ኋላ ዞር ብለን እንመልከት። አገራችን በ1923 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕገ መንግሥት ስታገኝ ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ አባሎቻቸው ግን በሕዝብ የተመረጡ አልነበሩም። ተሻሽሎ የወጣው የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ እንዲመረጡ ስላዘዘ የመጀመሪያው ምርጫ ተደረገ። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ሚኒስትሮቹም ተጠሪነታቸው ለንጉሠ ነገሥቱ ነበር። ስለዚህ አንዳንድ እንደራሴዎች ደፍረው ቢናገሩም፣ የተቃዋሚ መሪ የሚባል ሰው ተነሥቶ የመንግሥቱን ሥራ አስፈጻሚ ሊጠይቅ የሚችልበት ወንበር አልተዘጋጀም። በ1979 ዓ.ም. የተመረጠው ብሔራዊ ሸንጎም የአንድ ፓርቲ ሸንጎ ስለ ነበረ ነገሩን አልለወጠውም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣኖችን ጠርቶ የመጠየቅ፣ የሥራ አስፈጻሚውንም አሠራር የመመርመር ሥልጣን ሰጠው። በአንቀጽ 72 ደግሞ ጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ እንዲሆኑ ደነገገ። እንግዲህ በወረቀት ላይ ወንበሩ ተዘርግቷል ማለት ነው።

በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሰዎች የተናቁ አልነበሩም። ከ1992 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ የዩኒቨርሲቲ መምህሩ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ አቶ መለስ ዜናዊን በምክር ቤት ፊት ለፊት ሲጠይቁ አገሩ ሰምቷል። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ዶክተር መረራ ጉዲና፣ አቶ ተመስገን ዘውዴ፣ እንዲሁም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ምክትል የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩትና አዋሽ ባንክን ከመሠረቱት አንዱ የሆኑት አቶ ቡልቻ ደመቅሳ ነበሩ። በዚያው ምርጫ ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች በሙሉ አሸንፎ ስለ ነበር የጉለሌ ሕዝብም ድምፁን ለተቃዋሚ ሰጥቷል። ነገር ግን በተከተለው ውዝግብ ከተመረጡት ብዙዎቹ ምክር ቤት አልገቡም፤ መሪዎቹም ታሰሩ። አዲሱ ምክር ቤት ከመግባቱ በፊት ደግሞ ተሰናባቹ ምክር ቤት አጀንዳ ለማስያዝ የሚያስፈልገውን የአባላት ድጋፍ ከፍ አደረገው። በ2002 ዓ.ም. ከ547ቱ መቀመጫዎች ለተቃዋሚ የደረሰው አንድ ብቻ ሲሆን፣ እርሱንም የያዙት አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። በ2007 ዓ.ም. ያም አንድ መቀመጫ ጠፋ። ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ አብንና ኢዜማ በጥቂት መቀመጫዎች ገቡ።

የተቃዋሚዎቹ ቁጥር ማነስ ሁልጊዜ የሚነሣ ምክንያት ነው፤ እኛም አንክደውም። ሆኖም ቁጥራቸው ከዚያ በላይ በነበረበት ጊዜም ጥያቄው መልስ ሳይገጥመው ሲቀር ታይቷል። ስለሆነም ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባናል። ያም ምክንያት፣ እንደምንገምተው፣ የአጠያየቁ ሥርዓት ነው። አንዱ ተወካይ በተፈቀደለት ጥቂት ደቂቃ ስለ ጸጥታ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ እስረኞች፣ ስለ ማዳበሪያ ይጠይቃል። የእርሱ ጥያቄ ከሌሎች አባላት ጥያቄ ጋር ይከመራል። መላሹ ከክምሩ የወደደውን አንሥቶ በሰፊው ያብራራል፤ ያልወደደውን በአንድ ቃል ያልፈዋል ወይም ይዘለዋል። ጠያቂው «ይህ የጠየቅሁት አይደለም» ለማለት ተራ የለውም።

በሌላ አገር ያለውን ብናይ፣ በእንግሊዝ የተቃዋሚው ወገን መሪ በየሳምንቱ ረቡዕ በሚደረገው የግማሽ ሰዓት የጥያቄ ጊዜ ስድስት ጥያቄ ለመጠየቅ ይችላል። ጥያቄዎቹ በአንድ ጊዜ አይቀርቡም፤ አንዱ ተጠይቆ ሲመለስ ሁለተኛው ይከተላል። በዚያም አገር ቢሆን መላሹ ሲሸሽ፣ አዳራሹም በጩኸት ሲሞላ ይታያል። ልዩነቱ ግን መሸሹን ሁሉም ያውቅበታል፤ ጥያቄው እዚያው ተመልሶ ይመጣበታልና።

ይህን ስንል የባዕድ ሥርዓት እንቅዳ ማለታችን አይደለም። የራሳችን አባቶች ከማንም ሳይማሩ የሠሩት የሙግት ሥርዓት ነበራቸው። ከሳሽና ተከሳሽ በዳኛ ፊት ቆመው «ተጠየቅ» እየተባባሉ ይሟገቱ ነበር። አንዱ ነገሩን ነጥሎ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል፤ የመለሰውም በተራው ይጠይቃል። ለቃሉ ውርርድ ያስይዛል፤ ዋስም ይጠራል። ንግግሩ በምሳሌና በቅኔ የተዋበ ቢሆንም፣ ማማሩ ብቻውን ከመልስ አያድንም ነበር። ከዚህ ሥርዓት የምንማረው ሦስት ነገር ነው። ጥያቄ ነጠላ መሆን አለበት፤ ጠያቂ ተመልሶ የመናገር ተራ ሊኖረው ይገባል፤ ዳኛውም ከሁለቱ ወገን ሦስተኛ መሆን ያስፈልገዋል። በምክር ቤታችን እነዚህ ሦስቱም ደክመዋል። አፈ ጉባኤው የሚመረጠው ከአሸናፊው ፓርቲ መሆኑን ስናስብ ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጥ የደከመ ይመስለናል።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቹ ሒስ እንመለስ። ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚገኝ ሁሉንም በአንድ ላይ መናገር እንደሚያስገድድ ይገባናል። ነገር ግን አሥር ጉዳይ ያነሣ ሰው፣ ለመላሹ አሥር መሸሸጊያ እንደ ሰጠው መቍጠር አለበት። «በአገሪቱ ፍትሕ ጠፍቷል፤ ምን ይላሉ?» የሚል ሰው ያገኘው ንግግር ነው። ስለ አንድ ወረዳ፣ ስለ አንድ ቀን፣ ስለ አንድ የበጀት ቁጥር የጠየቀ ግን መልስ ባያገኝ እንኳ ዝምታውን በቃለ ጉባኤ ያስመዘግባል። ከጠያቂዎቹ አንዳንዶቹ የሚናገሩት ለመላሹ ሳይሆን በቴሌቪዥን ለሚያያቸው ደጋፊያቸው መሆኑም አልተሰወረብንም። መላሾቹም ቢሆኑ ከዚሁ አያመልጡም። አቶ መለስ በተረትና በሽሙጥ የተካኑ ነበሩ፤ አዳራሹ ሲስቅ ጥያቄው የተመለሰ ይመስል ነበር። ሳቅ ግን መልስ አይደለም።

እንዲህ ቢባል፣ «ብዙኃኑን የሚወክሉት አባላት እያሉ ለጥቂቶች ተጨማሪ ጊዜ መስጠት አድልዎ ነው» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ቁም ነገር አለው፤ የተወካዮች መብት እኩል ነውና። ሆኖም የገዥው ፓርቲ አባል ጠቅላይ ሚኒስትሩን በፓርቲው ስብሰባም ሊያገኛቸው ይችላል። ተቃዋሚው የሚያገኛቸው በዚያ አዳራሽ ነው። በተጨማሪም የጠያቂው ወገን መሳሳት በሌላም መንገድ ይታያል። በ2014 ዓ.ም. የኢዜማው መሪ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋና የአብኑ ሊቀ መንበር ዶክተር በለጠ ሞላ ሚኒስትሮች ሆነው ተሾሙ። ተባብሮ መሥራት መልካም ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን መሪዎቹ ከተጠያቂዎች ጋር ሲቀመጡ፣ የፓርቲዎቹ ተወካዮች ደግሞ ከጠያቂዎች ጋር ሲቀሩ፣ የተቃዋሚ መሪ ማን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጠያቂው ደኅንነት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 ማንኛውም አባል በምክር ቤቱ ውስጥ በሰጠው አስተያየት ወይም ድምፅ እንደማይከሰስ፣ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘም ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንደማይታሰር ይናገራል። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩትና መንግሥትን አጥብቀው በመጠየቅ የታወቁት የአብኑ አቶ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታሰሩ፤ ምክር ቤቱ ያለመከሰስ መብታቸውን ያነሣው ግን በ2016 ዓ.ም. ነው። ስለ ክሱ መፍረድ የእኛ ሥራ አይደለም። እስሩ ቀድሞ ፈቃዱ መከተሉ ግን፣ ከእርሳቸው በኋላ ለመጠየቅ የሚነሣውን ሰው ሁሉ እንዲያመነታ የሚያደርግ ነገር ነው።

በመጨረሻ አሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን። ምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንቡን አሻሽሎ፣ በመቀመጫ ብዛት ከገዥው ፓርቲ ቀጥሎ ላለው የተቃዋሚ ወገን መሪ ቢያንስ ሦስት ተከታታይ ጥያቄ ይፍቀድ፤ ለእያንዳንዱም መልሱ እዚያው ይሰጥ። ተቃዋሚዎችም ደንቡ እስኪለወጥ ሳይጠብቁ ጉዳዩን ተከፋፍለው፣ የመጀመሪያው የጠየቀውን ሁለተኛው በተራው ይከታተለው። ይህ ሕገ መንግሥት መለወጥን አይጠይቅም፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ይህን አሳብ ለሽሮ ሜዳው አዛውንት ስናጫውታቸው መወርወሪያቸውን በድሩ መካከል ሰደዱት፤ በሌላው እጃቸውም ተቀበሉት። «ሄዶ ካልተመለሰ ማጉ በአንድ ወገን ይቀራል፤ ሸማም አይሆን» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።