እንቅልፍ የሌለው መፀው

የአውሮፓ የመፀው ዘፈን ብዙውን ጊዜ የሚተክዘው በሚረግፍ ቅጠል ነው። ዣክ ፕሬቬር ግጥሙን፣ ጆሴፍ ኮስማ ዜማውን የደረሱት ዝነኛ የፈረንሳይ ዘፈን ከርዕሱ ጀምሮ የሞቱ ቅጠሎችን ያነሳል። በሰሜን ጎንደሮቹ ከተሞች በደባርቅና በዳባት ግን መፀው፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ አበባውም እሸቱም የሚደርስበት ነው። 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደባርቅ ዙሪያ ገብሱ ሳይታጨድ የጥቅምት ውርጭ ይደርስበታል፤ ገደል ውስጥ አድሮ የሚወጣው ጭላዳ ቀን፣ ጃርት ደግሞ ሌት ይሻማዋል። ገበሬው በዚህ ወቅት እንቅልፉን አይጠግብም። የወቅቱም ዜማ የንቃት ዜማ ነው።

ለዚህ ከማኅሌተ ጽጌ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። የቤተ ክርስቲያንን ዜማ ከሕዝብ ዘፈን ጎን ማኖሬ እንዳያስገርም፤ የሚያዜሙት ሊቃውንቱ ቢሆኑም አብሮ የሚያድረው ሕዝቡ ነው። አባ ጽጌ ድንግል የደረሰው ይህ ድርሰት ከመፀው መግቢያ እስከ ኅዳር 5 ባሉት 40 ቀናት፣ ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ይቆማል። አምስት አምስት መስመር ያለው እያንዳንዱ አንቀጽ በአንድ ቤት እየመታ ድንግልንና ልጇን በአበባና በፍሬ ይመስላል። መጀመሪያ በቁም ዜማ፣ ያለ ከበሮ ይባላል። እንቅልፍ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዜማውን ይስቡታል። ቀጥሎ መቋሚያው ለዝማሜ ይነሳል፤ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ መረግዱ ይሞቃል፣ በጽፋቱ የደከመው ሁሉ ይነቃል። እንቅልፍን በሥርዓቱ ቅደም ተከተል ደረጃ በደረጃ የሚያሸንፍ ሌላ ዜማ አላውቅም።

ሕልምም ከዚሁ ዜማ አይርቅም። ወራቱ የድንግልና የልጇ ስደት መታሰቢያ ነው፤ ስደቱን ያስጀመረውም የዮሴፍ ሕልም ነው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 መልአኩ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንዲሸሽ ያዘዋል፤ እሱም በሌሊት ይነሳል። ከማኅሌተ ጽጌ ጋር የሚዜመው ሰቆቃወ ድንግል የዚያን መንገድ መከራ ያለቅሳል።

በከተማ የተቀረጹት የትዝታ ዘፈኖች ሕልምን ለሌላ ነገር ይፈልጉታል፤ የራቀ ወዳጅ ይገናኙበታል፣ ሲነጋ ይነጠቁታል። የካሣ ተሰማን ክራርና የበዛወርቅ አስፋውን ድምፅ እወዳለሁ። ሆኖም በትዝታ ዘፈን እንቅልፍ በዓይኑ የማይዞረው አፍቃሪ በየትኛው ወር እንዳለ አብዛኛውን ጊዜ አናውቅም፤ ውርጭም እሸትም አይነካውም። እሹሩሩ ይሻላል፤ ልጁን አዝላ የምታስተኛው እናት ራሷ አትተኛም፣ ሥራዋ ይጠብቃታል።

በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ወደ ዳባት ሲጠጋ፣ ከአዳርቃይና ከሊማሊሞ ሥር የሸሸ ብዙ ሰው ደባርቅ ተጠለለ። ከዚያ ወዲህ ሰቆቃወ ድንግልን እንደ ጥንት ሥነ ጽሑፍ ብቻ ማንበብ አይበቃም። ሌሊት ልጅ አዝሎ ከቤቱ የወጣ ሰው የግእዙን ፍቺ ባያውቅ እንኳ ታሪኩን ያውቀዋል። የዜማ ጥናታችን እስካሁን የሚያተኩረው በደራሲውና በሊቃውንቱ ላይ ነው፤ ከቅኔ ማኅሌቱ ውጭ ጋቢውን ተከናንቦ ያደረው አድማጭ ምን እንደሰማ ግን ሊጠየቅ ይገባል፤ ጥያቄውም ከደባርቅና ከዳባት አጥቢያዎች ቢጀምር ተገቢ ነው።