ከገደሉ ሥር

ስሜንን ሰው የሚያውቀው ከላይ ቆሞ ነው። ደባርቅ ይገባል፣ ሳንቃ በር ያድራል፣ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል ያያል፣ ፎቶ ተነሥቶ ይመለሳል። አዲ አርቃይ ላደግን ግን ስሜን ሽቅብ የሚታይ አገር ነው። ሊማሊሞን ወርዶ፣ ዛሪማን አልፎ ቆላ ለገባ መንገደኛ ፓርኩ ከአናቱ በላይ የተገተረ ግድግዳ ነው። ዋልያዎቹም የሚኖሩት እዚያው ግድግዳ ላይ ነው። ዕድሜዬን የበላው ሥራ የፓርክ ማኔጅመንት ፕላን መጻፍ ነው። ያነበብኳቸውም፣ እጄ ያለባቸውም ፕላኖች አብዛኞቹ ከላይ ቁልቁል እየታየ የተጻፉ ናቸው።

የአሥር ዓመት ፕላን ወፍራም ጥራዝ ነው። ራእይ አለው፣ ዓላማ አለው፣ የበጀት ሠንጠረዥ አለው። ከዚህ ሁሉ ገበሬው ደጅ የሚደርሰው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስመሩ። ወሰኑ በየት ያልፋል? ጥብቅ ቀጠናው ከየት ይጀምራል? ከብት እስከ የት ይገባል? የቀረው ቢሮ ውስጥ ነው የሚያረጀው።

በ1:50,000 ካርታ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር የምትወፍር የእርሳስ መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ናት። ሒሳቡን የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው፤ የገባኝ ግን አውድማ ላይ ነው። ወጣት ሳለሁ ከገደሉ ሥር ባለ አንድ መንደር በኩል የሚያልፍ የወሰን ረቂቅ አወጣሁ። ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ፣ ሸለቆውን ተከትዬ፣ አሳምሬ ሳልኩት። ኋላ ከአንድ የፓርክ ጠባቂ ስካውት ጋር ጂፒኤስ ይዘን መሬቱን ስንረግጠው መስመሬ አንድ አባት ጤፍ የሚወቁበትን አውድማ ለሁለት ከፍሎት አለፈ። አረፍ በሉ ብለው ጠላ አስቀዱልን። ካርታውን ዘርግቼ ሳሳያቸው ዝም ብለው ቆዩና፣ «እንግዲህ ልጄ፣ በሬዎቼ ሲዞሩ ግማሹን ዙር ፓርክ ውስጥ፣ ግማሹን ከፓርክ ውጭ ናቸው ማለት ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ይሄ ገና ረቂቅ ነው» አልኳቸው።

«ረቂቅ ምንድን ነው?»

«የሚሰረዝ ማለት ነው።»

«እንግዲያው ሰርዘው፤ እኔም በዓይኔ ልየው።»

ላጲስ ከቦርሳዬ አውጥቼ እዚያው ፊታቸው ሰረዝኩት። እንዲህ በላጲስ የሚጠፋው ግን ወሰኑ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

ስሜን በሕግ የተከለለው በ1962 ዓ.ም. ነው። በ1970 ዩኔስኮ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ ከላሊበላ ጋር አብሮ ገባ። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1971 ግድም፣ ከገደሉ ግርጌ የነበሩ መንደሮች፣ ማለትም በእኛ በኩል ያሉት፣ በኃይል ተነሡ። ደርግ ሲወድቅ ሰው ወደ ቀዬው ተመለሰ። ካርታው ላይ ባዶ ተደርጎ የተሳለው መሬት በባለቤቶቹ ልብ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሆኖ አያውቅም ነበር።

በመካከሉ፣ በ1978 ግድም፣ ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሐንስ ሁርኒ ለስሜን ማኔጅመንት ፕላን አዘጋጅቶ ነበር። ርእሱ ላይ ፓርኩ ብቻውን አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ገጠርም አብሮ ተጠርቷል። በአማርኛ ብንለው «ፓርኩና በዙሪያው ያለው ገጠር» መሆኑ ነው። ከጥራዙ ሁሉ እኔን የምትይዘኝ ያች «ና» ናት። ሥራ ላይ ስትወድቅ አይቻለሁ፤ ስብሰባ ላይ «እሱን የግብርና ጽሕፈት ቤት ያየዋል» ሲባል የምትወድቀው እሷ ናት።

በ1989 ስሜን አደጋ ያንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፈረ። ምክንያቶቹ፣ የዋልያ ቁጥር ማሽቆልቆል፣ እርሻና ግጦሽ፣ ፓርኩን አቋርጦ የተሠራው መንገድ፣ እውነት ነበሩ። ነገር ግን ክልሉ ሳይማከር የተወሰነ ስለነበር ቅሬታው ለዓመታት ሳይሽር ቆየ። ከመዝገቡ ለመውጣት 20 ዓመት ፈጀ፤ በ2009 ተሰረዘ። በነዚያ ዓመታት ከተሠራው ሁሉ በሙያ ዓይን የማደንቀው የወሰኑን ለውጥ ነው። መንደርና እርሻ የበዛበት ከወሰን ወጣ፤ በምትኩ ሜሳረሪያና ሊማሊሞ፣ ቀጥሎም ስልቂ፣ ቅዱስ ያሬድና ራስ ደጀን ተጨመሩ። 136 ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ፓርክ 412 ሆነ። ሰውን ከማንሣት መስመርን ማንሣት ይቀላል፤ ይህን ለማየት ግን ያን ያህል ዓመት ማለፍ ነበረበት።

ፓርኩ ውስጥ በነበረችው ግጭ መንደር ግን ሰው ተነሣ። ከ400 የሚበልጡ አባወራዎች በ2008 ወደ ደባርቅ ሄዱ፤ ካሳም ተከፈለ። ፓርኩ ያተረፈው ነገር አለ፤ አልክድም። ሣር ጥቂት ክረምት ካገኘ ይመለሳል። ዕድሜውን በግና ገብስ ላይ ያሳለፈ ሰው ከተማ ዳር ኑሮውን እስኪተክል ግን የአንድ ፕላን ዘመን አይበቃውም፤ ለሱ የሚሆን ዓምድም በሠንጠረዦቻችን ውስጥ የለም።

ስለ ግጦሽ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ገበሬውን እንደ ሕግ ተላላፊ ያየዋል። ደገኛው ከብቱን ወደ ፓርክ የሚነዳው ሕጉ ጠፍቶበት አይደለም። ክረምት ማሳው በገብስ ተይዟል። ብርድ ነውና ገብሱ ቶሎ አይደርስም፤ እስኪታጨድ ድረስ ላሟ የምትቆምበት ሌላ መሬት የለም። የኛ የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ይጀምራል። አንድ የሠራሁበት ፕሮጀክት የመኖ ዘር ግዥው ተፈቅዶ፣ ጨረታው ወጥቶ፣ ዘሩ ቀበሌ ሲደርስ ዝናቡ ወጥቶ ነበር። ሪፖርታችን «ዘር ተሰራጭቷል» ይላል። ውሸት አይደለም፤ ተሰራጭቷል! ከዚያ ወዲህ ማናቸውንም ፕላን ስጀምር በመጀመሪያው ገጽ የማሰፍረው ገንዘብ ሳይሆን ወራትን ነው፤ ገብስ መቼ ይዘራል፣ መቼ ይታጨዳል፣ ዋልያ በብዛት የምትወልደው መቼ ነው፣ በሬ መቼ ይፈታል። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ዩኔስኮ ስሜንን የመዘገበው በተፈጥሮነቱ ብቻ ነው። ለአገሬው ግን ስሜን የታሪክ አገር ነው። ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በነዚህ ተራሮች እንደሆነ ይነገራል። ካሳ ኃይሉ በ1847 ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ደረስጌ ማርያም ነው። ዋልድባ ገዳም ከአዲ አርቃይ ሩቅ አይደለም። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የቆመውን ጽድና ወይራ የጠበቀው ስካውት አይደለም፤ ሆኖም የደን ምዕራፍ ስንጽፍ ማን እንደጠበቀው ሳንጠይቅ እናልፋለን። ጎንደር ፋሲል ግቢ የሚሠሩ ባልደረቦቼን አንዳንዴ እቀናባቸዋለሁ። 900 ሜትር የሚሆን የድንጋይ አጥር ወሰናቸውን ይነግራቸዋል። ጣሊያን በሲሚንቶ የጠጋገነውን ኋላ የመጡት ወደ ኖራ መልሰውታል፤ ስሕተቱ ግድግዳው ላይ በዓይን ይታያልና። የኛ ስሕተት የሚታየው ሰው ላይ ነው።

ከ2001 እስከ 2011 የተዘረጋው ፕላን ዘመኑ በሚያልቅበት ዓመት መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ተቃጠለ። ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጣ። እነሱ እስኪደርሱ ቅጠል ቆርጠው እሳቱን ሲደበድቡ የነበሩት የዙሪያው ገበሬዎች ናቸው፤ ከነሱ ውስጥ በግጦሽ የተቀጡ አልጠፉም ብዬ እገምታለሁ። በ2013 ክረምት ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት አዲ አርቃይ ደረሰ። ፕላኖቻችን መጨረሻ ላይ «ታሳቢ ሁኔታዎች» የሚባል ዓምድ አለ፤ ሁልጊዜ «ሰላምና መረጋጋት ይኖራል» ብለን እንሞላዋለን። እኔም ሳላስብ ስንት ጊዜ ሞልቼዋለሁ። አሁን ከሥሩ አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ፤ ባይኖርስ? የዋልያ ቆጠራውን መዝገብ ማን ቤት ያስቀምጠዋል? የስካውቱ ደመወዝ በየት በኩል ይደርሰዋል?

ቀጣዩን ፕላን ለምትጽፉ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። የእግር ተጓዦች ከራስ ደጀን ወርደው ሶናን፣ መካረቢያንና ሙሊትን አልፈው አዲ አርቃይ ይወጣሉ። እናንተ ያንኑ መንገድ ገልብጣችሁ ከአዲ አርቃይ ጀምሩት፤ በየመንደሩ እደሩ። ካርታውንም ከመታተሙ በፊት፣ በእርሳስ እንዳለ ይዛችሁት ውጡ።