መንፈስን ማን ይሰይመዋል? የመንፈስና የአደጋ ፊልሞች በቤት ቪዲዮና በምሥራቅ አፍሪካ ቋንቋዎች

በቤት ቪዲዮ ስለሚሠራጩ የመንፈስና የአደጋ ፊልሞች በሚጻፈው ሂስ ውስጥ ክርክሩ በአብዛኛው በሁለት ጉዳዮች ዙሪያ ይሽከረከራል፤ አንደኛው የምስሉ ጥራት፣ ሁለተኛው የቅጂ መብቱ ነው። ካሴቱ ወይም ዲስኩ በምን ቋንቋ እንደሚናገር፣ ያም ቋንቋ በሰዋስዉ ምን እንደሚያስገድድ መጠየቅ ለቋንቋ አጥኚዎች የተተወ ሥራ ይመስላል። እነርሱም ቢሆኑ ዐይናቸውን ወደዚህ ያዞሩት አልፎ አልፎ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው፤ የመንፈስ ፊልም ከቋንቋ ወደ ቋንቋ ሲሻገር ተርጓሚው ሁለት ውሳኔዎችን ከመስጠት አያመልጥም። የመጀመሪያው ስም ነው፤ ስሙም መድኃኒቱን ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ስምምነት ነው፤ ግሱ መንፈሱን ሰው ወይም ነገር አድርጎ ይመድበዋል። ፊልሙ የሚያስፈራበት መንገድ በእነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ላይ ይቆማል።

መነሻ የሚሆነው ናይጄሪያዊው «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» ነው። ኬኔት ንኔቡዌ ያሳተመው፣ ክሪስ ኦቢ ራፑ ያዘጋጀው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1992 በቀጥታ በቪኤችኤስ ካሴት ወጣ፤ ሁለተኛው ክፍል በዓመቱ ተከተለ። ሀብት የተመኘ ባል ሚስቱን ለምሥጢራዊ ማኅበር መሥዋዕት ያደርጋል፤ የሟቿም መንፈስ ያሳድደዋል። ፊልሙ የሚናገረው በኢግቦ ሲሆን ከግርጌው የእንግሊዝኛ ትርጉም አለው። የኢግቦው «ምሙኦ» ሰፊ ቃል ነው፤ የሙታንን መንፈስ፣ በጭምብል የሚገለጡትን አበው፣ በክርስቲያኖች አነጋገር ደግሞ መንፈስ ቅዱስን ሳይቀር ያቅፋል። ለእንግሊዝኛው ተርጓሚ ግን የሙት መንፈስ፣ ጋኔንና ቅዱስ መንፈስ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አንዱን ሲመርጥ ሁለቱን ይዘጋል። ንኔቡዌ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1994 «ግላመር ገርልስ»ን በእንግሊዝኛ አወጣ፤ የናይጄሪያ ቪዲዮም እየዋለ እያደረ በእንግሊዝኛ ድንበር ተሻገረ። ስለዚህ ለምሥራቅ አፍሪካ ተመልካች የደረሰው የመንፈስ ፊልም በብዛት ስሙ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ የተቆረጠለት ነበር። የስዋሂሊም ሆነ የሉጋንዳ ተርጓሚ የተረጎመው የትርጉምን ትርጉም ነው።

የዲስኩ አሠራር በራሱ ቦታ አላሳጣም ነበር። የዲቪዲ መስፈርት በአንድ ዲስክ ላይ እስከ 8 የድምፅ መስመርና እስከ 32 የግርጌ ትርጉም መስመር እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። የሽያጭ ክልሎች ሲከፈሉ ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ከሩሲያና ከህንድ ጋር በአንድ ክልል፣ በ5ኛው፣ ተመደቡ። መስመሩ ቢኖርም ለክልሉ ቋንቋዎች ከፍሎ የሚሞላው አከፋፋይ አልተገኘም። ክፍተቱን የሞላው ማይክሮፎን የያዘ ሰው ነው። በዳሬሰላም ሉፉፉ በሚል ስም የታወቀው ተራኪ የውጭ ፊልሞችን በስዋሂሊ ተረከ፤ በኡጋንዳ ቪጄ ጂንጎን የመሰሉ «ቪጄ» የሚባሉ ተራኪዎች በሉጋንዳ፣ በኬንያ ዲጄ አፍሮ በስዋሂሊና በከተማው ቅይጥ ቋንቋ ስም አተረፉ። ትረካው መጀመሪያ በቪዲዮ ማሳያ ቤት በቀጥታ ይቀርብ የነበረ ሲሆን በኋላ በፊልሙ ድምፅ ላይ ተቀድቶ በካሴት፣ በቪሲዲና በዲቪዲ ወደ ቤት ገባ።

ተራኪው መንፈስ በምስሉ ላይ ብቅ ሲል በስዋሂሊ ቢያንስ አራት ስሞች ይጠብቁታል። «ጂኒ» ከዐረብኛ የመጣና ከእስልምና እምነት ጋር የተሳሰረ ፍጡር ነው፤ ሰው ሆኖ አያውቅም። «ምዚሙ» የሙት መንፈስ ነው፤ ቤተሰብና መቃብር አለው። «ፔፖ» ሰውነት ውስጥ የሚገባ ነው። «ሸታኒ» ደግሞ በሃይማኖትና በመንደር እምነት መካከል ይወዛወዛል። ከስሙ ጋር መፍትሔው ይመጣል፤ ምዚሙ ከሆነ የተበደለ ዘመድ አለና ዕርቅ ይጠበቃል፤ ፔፖ ከሆነ ማስወጣት ይጠበቃል፤ ጂኒ ከሆነ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል የቀረበ መንፈስ በስዋሂሊ ምዚሙ ሲባል ተመልካቹ የታሪኩን ፍጻሜ ከደራሲው ቀድሞ መገመት ይጀምራል። «ሊቪንግ ኢን ቦንዴጅ» የሚፈታው በክርስቲያናዊ ጸሎት ነው፤ መንፈሱ ምዚሙ ከተባለ ግን ያ ፍጻሜ ለሰሚው ጎዶሎ ሊመስል ይችላል፤ የሟቿ ወገኖች የት ሄዱ ያሰኛልና።

ከስሙ ይልቅ ጠለቅ ያለው ጉዳይ ስምምነቱ ነው። በስዋሂሊ ምዚሙ በብዙ ቁጥሩ «ሚዚሙ» ስለሚሆን በቅርጹ ከዛፍና ከወንዝ ጋር በ3ኛውና በ4ኛው የስም መደብ ይሰለፋል። ሕይወት ያላቸውን የሚሰይሙ ስሞች ግን፣ ቅርጻቸው ምንም ይሁን ምን፣ የሰውን መደብ ስምምነት መውሰድ ይቀናቸዋል። ስለዚህ «ይህ መንፈስ ያስፈራል» ለማለት ተራኪው «ምዚሙ ሁኡ ኡናቲሻ» ወይም «ምዚሙ ሁዩ አናቲሻ» ማለት ይችላል። የመጀመሪያው መንፈሱን ከነገሮች ተራ ያቆመዋል፤ ሁለተኛው ፈቃድና ዓላማ ይሰጠዋል። የ«ፔፖ» ጉዳይ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል፤ በነገር ስምምነት ሲነገር ነፋሳትን ወይም ገነትን ያመለክታል፤ በሰው ስምምነት ሲነገር ግን ከስዋሂሊ መጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ሁሉ እንደሚያውቀው ርኩስ መንፈስ ነው። የፍርሃቱ መነሻ እዚህ ላይ አንዲት ቅጥያ ናት።

ሉጋንዳ በዚህ ረገድ ጠንከር ይላል። «ኦሙዚሙ» ብዙ ቁጥሩ «ኤሚዚሙ» ነው፤ ግሱም የሰውን ሳይሆን የራሱን መደብ ስምምነት ይከተላል። ጠንቋዩ «ኦሙሎጎ» ግን «አባሎጎ» ተብሎ ከሰዎች ጋር ይቆጠራል። በመሆኑም የሉጋንዳ ሰሚ ምስሉን ባያይ እንኳ የሚመጣው ሙት ይሁን ሕያው ክፉ ሰው ከግሱ ይለያል። «ኤጄምቤ» የሚለው ቃል ደግሞ ቀንድንም በቀንድ ውስጥ የሚያድር መንፈስንም ይሰይማል፤ ዕቃውና ኃይሉ በአንድ ስም ያድራሉ። ካሜራው ገና ያልገለጠውን ሰዋስዉ አስቀድሞ ስለሚገልጠው፣ በድብቅነት ላይ የተመሠረተ የፊልም ትዕይንት በሉጋንዳ ትረካ ውስጥ ምሥጢሩን ቶሎ ያጣል። ጎበዝ ተራኪ በዚህ ጊዜ ስሙን ያዘገያል፤ ደካማው መጀመሪያ ላይ ይጠራዋል።

አማርኛም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረቡ የተርጓሚውን ምርጫ በየቤቱ የሚሰማ ጉዳይ አድርጎታል። ለሙት መንፈስ አማርኛ «ጣረ ሞት» ይላል፤ ቃሉ መነሻው የሞት ጣር ነውና ከፍጡሩ ይልቅ ሁኔታውን ያስታውሳል። «ጋኔን» ከተባለ ጠበል ይጠበቃል። «ዛር» ከተባለ ስም፣ ወገንና የሚወደው ነገር ያለው፣ በሕያው ሰው ላይ የሚወርድ ነው፤ ከሙት ጋር አይገናኝም። «መንፈስ» ገለልተኛ ቢመስልም የቤተ ክርስቲያን ጥላ ያጠላበታል። ስሙ ከተመረጠ በኋላም ግሱ ይጠይቃል። የሟቿ ሚስት «መንፈሷ መጣ» ወይስ «መንፈሷ መጣች»? የመጀመሪያው መንፈሱን የእርሷ ንብረት፣ ሁለተኛው ራሷን ያደርገዋል። የሟች አባት መንፈስ «ተገለጠ» ወይስ «ተገለጡ»? አንቱታው ከሞት በኋላ ይቀጥላል ወይ የሚለውን የሥነ መለኮት ጥያቄ ተርጓሚው በአንድ ፊደል ይመልሰዋል። እንግሊዝኛው ይህን ስለማይጠይቅ መልሱን ከምንጩ መቅዳት አይቻልም።

የአደጋ ፊልም ከመንፈስ ፊልም የሚለየው የሚሰየም ምሥጢር ስለሌለው ነው፤ ሁሉም ሰው መርከቡ እንደሚሰምጥ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የጄምስ ካሜሮን «ታይታኒክ» ከሦስት ሰዓት በላይ ይረዝማል። አንድ ቪሲዲ የሚይዘው ከ74 እስከ 80 ደቂቃ ብቻ በመሆኑ ፊልሙ ያለ ቅነሳ ቢቀዳ ሦስት ዲስክ ይፈልጋል። ይህ የዕቃው ገደብ ትረካውን በሦስት ምዕራፍ ይሰብረዋል፤ ተራኪው በየዲስኩ መግቢያ ሰሚውን ወደ ታሪኩ መመለስ አለበት። በስዋሂሊ ይህ በግስ ጊዜ ላይ ይታያል፤ ያለፈውን ለማስታወስ ድርጊትን በድርጊት የሚያያይዘው የትረካ ቅጥያ «ካ» ያገለግላል፤ በምስሉ ላይ አሁን የሚሆነውን ለመከተል «ና» ይመጣል። የአደጋ ፊልም ትረካ ውበት ያለው በእነዚህ ሁለቱ መካከል በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው። ውሃው ሲገባ በ«ካ» የሚቀጥል ተራኪ አደጋውን ያለፈ ታሪክ ያደርገዋል፤ ወደ «ና» የሚሻገር ሰሚውን መርከቡ ላይ ያሳፍረዋል።

ታንዛኒያ ውስጥ ይህ ሽግግር ቀላል ነገር አይደለም። ኤምቪ ቡኮባ የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 1996 በምዋንዛ አቅራቢያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ሰምጣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ ፊልሙ የወጣው በቀጣዩ ዓመት ነው። የበረዶ ተራራው ለሐይቁ ዳር ሰው ሩቅ ነው፤ «ሜሊ» የሚለው የመርከብ ስም ግን ያው የቡኮባ ስም ነው። ተራኪው ምንም ሳይጨምር፣ ተራ ቃል በመጠቀም ብቻ፣ የ1912ን ሐዘን ከቅርቡ ሐዘን አጠገብ ያስቀምጠዋል። የግርጌ ትርጉም ይህን በጽሑፍ ሊያደርገው ቢችልም የሚያዝን ድምፅ የለውም።

ይህ ሁሉ ሲባል የተራኪው ጥበብ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። የመንፈስ ፊልም ትልቁ መሣሪያ ዝምታ ነው፤ ዝም ማለትን የማያውቅ ተራኪ በሩ ሲንቋቋ ቀልድ ይጨምርና ፍርሃቱን ይበትነዋል። የሴቶች ድምፅ ሁሉ በአንድ ወንድ ጉሮሮ ውስጥ ማለፉ ገጸ ባሕርያትን ያመሳስላል። በአንጻሩ በተዋንያን የሚሠራው የድምፅ ቅየራ ዝምታውን ያከብራል፤ ሆኖም ከከንፈር እንቅስቃሴ ጋር ለመግጠም ሲል ረጅሙን ስም ጥሎ አጭሩን ያነሣል፤ ቋንቋውንም ወደ አንድ ወጥ የከተማ አነጋገር ይጎትተዋል። ተራኪው ምሳሌያዊ አነጋገርን፣ የሰፈር ቃልን፣ የቋንቋ ቅይጥን እንደ ልቡ ያስገባል። ለስሜት የመጀመሪያው፣ ለቋንቋ ሀብት ሁለተኛው ይሻላል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የዚህ ሀብት ዕድሜ ነው። የካሴት ማግኔት ይደክማል፤ ርካሽ ዲስክ ይፋቃል፤ የተተረከ ቅጂ ደግሞ ሕጋዊ ባለቤት ስለማይኖረው በቤተ መዛግብት ደጅ ላይ ይመለሳል። በሚጠፋው ቅጂ ውስጥ ግን መንፈስ በሰው ወይም በነገር ስምምነት ሲነገር፣ ጊዜ ከ«ካ» ወደ «ና» ሲሻገር የሚያሳይ፣ ለአጥኚ ተብሎ ያልተነገረ ረጅም ንግግር አለ። በመጠይቅ የሚሰበሰብ ዓረፍተ ነገር ይህን አይተካም፤ ተጠያቂው «ትክክሉን» ለመናገር ይጠነቀቃልና። ስለዚህ በዩኒቨርሲቲዎች የሚገኙ የቋንቋ ክፍሎች የተተረከ ፊልም ሲያገኙ ምስሉን ትተው የድምፁን መስመር እንኳ ቢገለብጡ፣ በመዝገቡም ላይ ከፊልሙ ርእስ ቀጥሎ የተራኪውን ስም፣ የትረካውን ቋንቋ፣ የተቀዳበትን ከተማና ዓመት ቢጽፉ፣ ሥራው በትንሽ ወጪ ይጀመራል። በካታሎግ ውስጥ ዳይሬክተሩ ብቻ ተጽፎ ተራኪው ከቀረ፣ መንፈሱን በስዋሂሊ ወይም በሉጋንዳ የሰየመው ሰው ስም አልባ ሆኖ ይቀራል።